የእጅ ስልክ ንጽሕና በጤና ተቋማት፦ የሕክምና ተማሪዎች፣ አስታማሚዎችና ጠያቂዎች ሊያውቁት የሚገባ

የእጅ ስልክ በጤና ተቋማት ውስጥ የሥራ መሣሪያ ሆኗል። የሕክምና ተማሪዎች የመድኃኒት መጠን ለማስላት፣ ጽሑፍ ለማንበብና ከመምህራኖቻቸው ጋር ለመነጋገር በየሕሙማን ክፍሉ ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ እጅ በተደጋጋሚ ሲታጠብ ስልክ ሳይጸዳ ይውላል። የታጠበ እጅ ያልጸዳ ስልክ ሲነካ ንጽሕናውን መልሶ ያጣል።

ስልክ እንዴት ይበከላል?

ከመገናኛ ተሳፍሮ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚሄድ ተማሪ የታክሲ በር፣ የባቡር መያዣና የብር ኖት በነካ እጁ ስልኩን ይይዛል። በሆስፒታሉም የሕሙማንን አልጋ፣ መጋረጃና የሕክምና መሣሪያ ከነካ በኋላ መልሶ ያነሣዋል። ማታ ያው ስልክ ወደ ቤት፣ ወደ ምግብ ጠረጴዛና ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በምሥራቅ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ስልኮች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት 10 ስልኮች ከ9 በላይ በሚሆኑት ላይ ባክቴሪያ መገኘቱን አመልክቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በቆዳ ላይ የሚኖሩና ጤነኛን ሰው እምብዛም የማይጎዱ ናቸው። ሆኖም እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያሉ ባክቴሪያዎች በደረቅ ነገር ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ለጨቅላ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውና ለጽኑ ሕሙማን አደገኛ ናቸው፤ መድኃኒት የተላመዱ ከሆኑ ደግሞ ሕክምናው ይከብዳል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ ከአስከሬን ምርመራ ክፍል ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ በእጅጉ ቀንሷል። ዛሬ ስልክም እንደ እጅ ሊታይ ይገባዋል።

ስልክን የማጽዳት ቅደም ተከተል

1. ስልኩን ያጥፉ፤ ከቻርጀር ይንቀሉ፤ ሽፋኑን ያውልቁ።
2. ለስላሳ ጨርቅ በ70 በመቶ አልኮል በጥቂቱ ያርጥቡ። አልኮሉን በቀጥታ በስልኩ ላይ አያፍስሱ።
3. የፊቱን፣ የጀርባውንና የጎኑን ክፍል ይጥረጉ፤ ፈሳሽ ወደ ቀዳዳዎቹ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።
4. በራሱ እስኪደርቅ ይጠብቁ።
5. የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሽፋን ከሆነ በሳሙናና በውኃ አጥበው ያድርቁ።
6. በመጨረሻም እጅዎን ይታጠቡ።

በረኪና የስልኩን ገጽ ስለሚጎዳ አይጠቀሙ። ንጹሕ አልኮልም የተሻለ አይደለም፤ በ70 በመቶው ውስጥ ያለው ውኃ አልኮሉ ቶሎ እንዳይተን በማድረግ ባክቴሪያን የመግደል አቅሙን ያጠናክራል።

መቼ?

ተማሪዎችና ባለሙያዎች ቢያንስ ሥራ ሲጀምሩና ሲያጠናቅቁ እንዲሁም ስልኩ በደም ወይም በሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ማጽዳት ይኖርባቸዋል። በሕክምና መካከል ስልክ የነካ ሰው ሕመምተኛውን መልሶ ከመንካቱ በፊት እጁን ማጽዳት አለበት።

ለአስታማሚዎችና ለጠያቂዎች

- ስልክዎን በሕመምተኛው አልጋ ወይም በምግብ ማቅረቢያ ላይ አያስቀምጡ።
- ስልክ ከነኩ በኋላ ሕፃን ከማቀፍዎ ወይም ሕመምተኛ ከመመገብዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ።
- ባለሙያው ወይም ተማሪው ሕመምተኛውን ከመንካቱ በፊት እጁን እንዲያጸዳ በትሕትና መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ድፍረት ሳይሆን ለሕሙማን ደኅንነት የሚደረግ ትብብር ነው።

ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል።