ለምጽ፣ ቁምጥና፣ ሥጋ ደዌ፦ የአንድ አሮጌ የበሽታ ስም ፍቺና አገባብ

በዛሬው አማርኛ «ለምጽ ወጣበት» ሲባል የምንረዳው ቆዳው ቦታ ቦታውን ቀለሙን አጥቶ የነጣ ሰውን ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አካልም አያጎድልም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ግን ለምጽ የወጣበት ሰው በካህን ተመርምሮ ከሰፈር ውጭ ለብቻው እንዲቀመጥ ይታዘዛል። ይህን የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ አሳቡ የሚመጣው ቁምጥና ነው። ምዕራፉ ራሱ ግን ይህን ንባብ አይደግፍም።

የተዘረዘሩት ምልክቶች የነጣ ቆዳ፣ የነጣ ጠጕር፣ እብጠትና ብጉር ናቸው። ስለ መደንዘዝም ሆነ ስለ ጣት ማጠር የተነገረ ነገር የለም። እንዲያውም ንጣቱ መላ ሰውነቱን ከሸፈነው ሰውየው ንጹሕ ነው ይላል (13፥13)። ለምጽ በልብስና በቁርበት፣ በምዕራፍ 14 ደግሞ በቤት ግድግዳ ላይ ጭምር ይወጣል፤ ይህ ከሻጋታ በቀር ምን ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ይከብዳል። የዕብራይስጡ «ጻራዓት» እንግዲህ የአንድ በሽታ መጠሪያ ሳይሆን ገጽን አበላሽቶ ከማኅበረ አምልኮ የሚያርቅ ርኵሰት ሁሉ የሚጠራበት ነው።

የግሪክ ተርጓሚዎች ቃሉን «ሌፕራ» አሉት። በጥንቱ የግሪክ ሕክምና ሌፕራ ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመም ነበር፤ ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለውን ሐኪሞቹ «ኤሌፋንቲያሲስ» ይሉት ነበር። ግእዙ ከግሪኩ ሲተረጐም ለምጽ የሌፕራን ቦታ ያዘ፤ እስከዚህ ድረስ ትርጕሙ አልተዛነፈም። ዐረብኛው «በረስ»ንና «ጁዛም»ን ለይቶ እንደያዘ ሁሉ የአማርኛ ተናጋሪም ለምጽንና ቁምጥናን ለይቶ ኖሯል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ስም መደባለቃቸው የመጣው በመካከለኛው ዘመን የዐረብ የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመለሱ «ጁዛም» በሌፕራ በመተካቱ ነው።

ቁምጥና «ቆመጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የጣትን ማጠርና መጉደል ይናገራል። ስሙ ግን የሚያሳየው የበሽታውን መጨረሻ ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. ኖርዌጂያዊው ሐንሰን ያገኘው ባክቴሪያ ነርቭን ይጎዳል። እጁ የደነዘዘ ሰው የጋለ ምጣድ ሲያነሣ አይሰማውም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ያመረቅዛል፣ ጣቱም ቀስ በቀስ ያጥራል። ከዚያ ከዓመታት በፊት ግን ፈዘዝ ያለ፣ ሲዳሰስ የማይሰማ ምልክት ወጥቶ ነበር። ጤና ባለሙያው ታማሚውን ዐይኑን አስጨፍኖ በጥጥ ጫፍ የሚነካው ያንን ቦታ ነው። ምልክቱ እንደ ለምጽ ፈጽሞ አይነጣም፤ ጣትም ገና አልጎደለም። ስለዚህ ከሁለቱ የቆዩ ስሞች አንዱም አይጠራውም፤ ሰውም ሕመሙን ሳያውቀው ይቆያል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ጉዳት ሳይደርስበት ሊድን የሚችለው ግን ያኔ ነው።

የስሙ ክብደት በአነጋገራችንም ይታያል። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ተረት የሚፈራው አብሮ መብላትን ነው፤ ያለ ርኅራኄ የተነገረ ክፉ አባባል ነው። ጎሕ ሲቀድ በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበላዎችም ልማዱን ከተዉ ቁምጥና ይይዘናል ብለው እንደሚሰጉ ይነገራል። በዚህ ላይ የሙሴ እኅት የማርያም፣ የኤልሳዕ አገልጋይ የግያዝና የንጉሡ የዖዝያን ለምጽ በቅጣትነቱ ሲነበብና ለምጹም ቁምጥና ተብሎ ሲተረጐም፣ የነዚያ በደል በዛሬው ታማሚ ላይ ይጫናል።

«ሥጋ ደዌ» ይህን ነቀፋ ለማስወገድ ተመራጭ ሆኗል። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ደዌ ሥጋ» ከ«ደዌ ነፍስ» ተለይቶ ማንኛውንም የሰውነት ሕመም ያመለክታል፤ በጤና ተቋማት ቋንቋ ግን ለአንድ በሽታ ጠበበ። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት የተባለው ማዕከል መጀመሪያ የቆመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። «ሥጋ ደዌ» የሚለው ስም ከነቀፋ የጸዳ መሆኑ መልካም ነው። ሆኖም መጀመሪያ የሚታየውን ምልክት እሱም አይናገርምና፣ በጤና ትምህርት ላይ «የደነዘዘ ምልክት» የሚለው ሐረግ ከስሙ ጋር አብሮ ሊነገር ይገባል። የመጽሐፍ ቅዱስ አዘጋጆችም ለምጽን በቦታው ትተው፣ ከቁምጥና የተለየ መሆኑን በኅዳግ ቢጽፉ ለአንባቢም ለታማሚም ይበጃል።