የዘጌዋ መርከብ

160 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ማንም ግን ያላነሣው ነገር አለ። በመጋቢት 1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊታቸውን ይዘው ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ ሰፈሩ። ክረምቱ ከመክበዱ በፊትም በእጅ በሚዞር መንኮራኩር የሚሄድ፣ ወታደር የሚጭን ጀልባ አሠርተው ሐይቁ ላይ አወረዱ። ስለ ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የሚጻፈው ሁሉ ከምጽዋ ነው የሚጀምረው፤ ስለ ቃኚ ጀልባዎቻችን የሚነገረውም ከ1940ዎቹ ወደ ኋላ አያልፍም። እኔ ከዘጌ እጀምራለሁ።

ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ንጉሡ የቋራ ልጅ ናቸው። ካሳ ኃይሉ ተብለው በሚጠሩበት በሽፍትነት ዘመናቸው ይህን በረሃ ውኃ ጉድጓዱን ሳይቀር ያውቁት ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥመው በመድፍና በሠለጠነ እግረኛ ክፉኛ ተመቱ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ሰው የሚሠራውን መሣሪያ እዚሁ አገር ውስጥ ማሠራት ዕረፍት የነሣቸው ሐሳብ ሆነ። ጋፋትን፣ ሴባስቶፖልን፣ ወደ መቅደላ የተጠረገውን መንገድ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ አልደግመውም። ጋፋትን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ዘጌን ግን የሚያስታውስ አላጋጠመኝም።

የዘጌን ነገር ጽፈው ያቆዩልን ሰዎች ወደ ጣና የገቡት በእኛው በር፣ በመተማ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት፣ ንጉሡ ያሰሩትን ቆንስል ካሜሮንን እንዲያስፈታ የላከው ሆርሙዝድ ራሳም፣ ከዶክተር ሄንሪ ብላንክና ከሌተናንት ፕሪዶ ጋር ከምጽዋ ተነሥቶ በከሰላ ዞሮ ኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ደረሰ። መተማ ያን ጊዜ የተክሩሮች ገበያ ናት። ሹሟ ሼክ ጁማ በአንድ በኩል ለግብፅ፣ በሌላ በኩል ለቴዎድሮስ ይገብራል። እንግዶቹ የንጉሡን ፈቃድ እየጠበቁ እስከ ታኅሣሥ ቆዩ፤ ከዚያም በወህኒና በጭልጋ አድርገው ጥር ላይ ንጉሡ ፊት ቀረቡ። መጀመሪያ በክብር ነበር የተያዙት። ቆራጣ ላይ ቤት ተሰጣቸው፤ ንጉሡ ማዶ ዘጌ ሲሰፍሩ ሐይቁን በታንኳ እየተሻገሩ ይገናኟቸው ነበር። ሚያዝያ ላይ ነገሩ ተገለበጠና ታሰሩ። የጀልባዋን ታሪክ የምናውቀው እንግዲህ ከእስረኛ ብዕር ነው፤ ደብተራ ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ ከዚህ ዘመን በፊት ይቆማል።

ጀልባዋን ለመረዳት ታንኳን ማወቅ ያስፈልጋል። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በጭብጥ በጭብጥ እየታሰረ ጎን ለጎን ይያያዛል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ አያግድም። ውኃው በእስሮቹ መሐል ይገባል፣ ይወጣል፤ ሰውና ጭነት የሚያንሳፍፈው የደንገሉ ቅለት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዛፊው እንዳይረጥብ ከታች ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደርብና ከላይ ይቀመጣል። ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን ጎትቶ ከውኃ ያወጣና ያሰጣዋል። ሳይደርቅ ከሰነበተ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይሰጥማል፤ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብሳል። የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ይህን ከአባት ከአያት ነው የሚማሩት። ደንገሉን ምን ያህል አጥብቆ ማሰር እንደሚገባ እጃቸው ነው የሚያውቀው።

ቴዎድሮስ ያሠሩት ይህንኑ ነው፤ ግን አግዝፈው። ብላንክ እንደጻፈው ከደንገል የተሠራ፣ ርዝመትና ስፋት የተጨመረለት፣ መሐሉ ላይ እንጨት የተነጠፈበት፣ በእጀታ የሚዞር መንኮራኩር የተገጠመለት ነበር። አርአያው በእንፋሎት የምትሄደው የፈረንጅ መርከብ ናት። እሳትና ሞተር ስላልነበረ በእንፋሎቱ ፈንታ የወታደር ክንድ ገባ። ሙከራው አልዘለቀም። ለምን እንዳልዘለቀ ማንም ታንኳ ሠሪ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የሚጭን ታንኳ ብዙ ደንገል ይፈልጋል፤ ብዙ ደንገል ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጎትቶ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት አይቻልም። መንኮራኩር ደግሞ ጥርሱ ውኃውን በልክ ሲነካ ነው የሚገፋው። ጀልባው ዝቅ ባለ ቁጥር መንኮራኩሩም አብሮ ይሰምጣል፣ ያዟሪው ጉልበት ውኃ በመናጥ ያልቃል። በዚያ ላይ ወሩ ወደ ክረምት ነበር።

የክርክሩ ነገር እዚህ ላይ ነው። እስረኞቹ ሲተርኩት ነገሩ የንጉሥ መዝናኛ ነው፤ ቁጡና ተለዋዋጭ ሰው ከሥራ ሁሉ መሐል ያመጣው የልጅ ጨዋታ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ስለ ንጉሡ ሲወሳ ያው የለመድነው ውዳሴ ይመጣል፦ ባለ ራእዩ፣ ዘመኑን የቀደመው። ሁለቱም ንጉሡን እንጂ ሐይቁን አያዩም። ሐይቁን ለሚያይ ሰው ጀልባዋ የጦር ዕቃ ናት።

የዚያን ዓመት ካርታ በዐይነ ልቡና ዘርጉት። ጎጃም በተድላ ጓሉ እጅ ነው። ወልቃይትና የጎንደር ዙሪያ በጢሶ ጎበዜ፣ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ ሥር ነው። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገብተዋል። ለንጉሡ የቀረው በጌምድርና የሐይቁ ዙሪያ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውኃ ነው፤ በላዩ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። ጦር ሲመጣ ሕዝቡ፣ ነጋዴው፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋየ ቅድሳት ሁሉ ወደ ደሴት ይሸሻሉ፤ ደሴተኛው ታንኳዎቹን ሁሉ ወደ ራሱ ዳርቻ ይሰበስባል፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራዊትም ዳር ቆሞ ማየት ብቻ ይሆናል ሥራው። ሌሊት ተነሥቶ ሳይታሰብ ከዘጌ ቆራጣ፣ ከቆራጣ ጎርጎራ ሰው ማሻገር የሚችል ንጉሥ በዚያ ዓመት ትልቅ ጉልበት ባገኘ ነበር። ኋላ በሌላ መንገድ ምጽራሐ ደሴት ላይ በገቡ ጊዜ የሆነውን ብላንክ ጽፎታል፤ ሰዎቹ ቤት ውስጥ ተዘግተው ተቃጠሉ ይላል። ስለዚህ የጀልባዋን ሥራ ስናከብር ተሳክታላቸው ቢሆን ኖሮ ለደሴተኛው ምን ታመጣበት እንደነበርም አብረን ማሰብ አለብን። ጀልባዋ የእውነት መሣሪያ እንድትሆን ታስባ ነበር የምለውም ለዚሁ ነው።

ሌላም ማስረጃ አለ። በዚያው ሚያዝያ ቴዎድሮስ ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ወደ ለንደን ሲልኩ ባለ ሙያ እንዲላክላቸው ጠይቀዋል፤ ከጠመንጃ ሠሪውና ከብረት አቅላጩ ጋር ጀልባ ሠሪም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለጨዋታ ጀልባ ያሠራ ሰው ከንግሥት ቪክቶሪያ ጀልባ ሠሪ አይለምንም። ዘጌ ላይ ምን እንደጎደላቸው ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ደንገሉ ላይ መሳቅም አይገባም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና ያስጨደውን ደንገል ወደ ግብፅ አጓጉዞ፣ በቻድ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ፒራሚዶቹ ሥር አሠርቶ ነበር። ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ጎኗ ውኃ ጠጥቶ ተረታች። በዓመቱ ከቲቲካካ ሐይቅ የቦሊቪያ ዳርቻ የመጡ የአይማራ ሰዎች ሁለተኛዋን ሠሩ፤ አስተሳሰራቸው ሌላ ነበር፣ እጅግ የጠበቀ። እርሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ደንገሉ ውቅያኖስ ይችላል፤ ዋናው እስሩ ነው።

የተላኩት የእንግሊዝ ባለ ሙያዎች ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር። እስረኞቹ መጀመሪያ ይለቀቁ ተባለ፣ አልተለቀቁም፤ ሰዎቹ ከምጽዋ ተመለሱ። በ1860 ዓ.ም. ግን የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ በመቶዎች በሚቆጠሩ መርከቦች ተጭኖ ዙላ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን መቅደላ ይናገር።

ከዘጌ እስከ ምጽዋ የባሕር ኃይል ድረስ ያለውን ዘጠና ዓመት በአጭሩ ልለፈው። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ በ1940ዎቹ መጨረሻ ባሕር ኃይል ተቋቋመ፤ የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኑት፤ አሜሪካ 29 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቃኚ ጀልባዎችን ሰጠች። በጥር 1954 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ ተሰጠች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል በዓል የታላላቆቹ አገሮች የጦር መርከቦች ምጽዋ ይመጡ ነበር፤ ፎቶግራፍ የሚነሡትም ትልልቆቹ ናቸው። የዕለት ሥራውን ግን ትንንሾቹ ነበር የሚሠሩት። በየትም አገር እንደዚሁ ነው። ቃኚ ጀልባ ዝቅ ባለ ውኃ ይገባል፣ ኮንትሮባንድ ያስቆማል፣ የዓሣ አጥማጁን ፈቃድ ይፈትሻል፣ የሚሰጥመውን ያወጣል፣ የጠረፉን ወሬ ያመጣል። ፍሪጌትና ሚሳይል የተሸከመ ጀልባ ከሶቪየት ኅብረት በደርግ ጊዜ መጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትወድቅ ሻዕቢያ የገባው በፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ጭምር ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ» በ1985 ዓ.ም. ለብረትነት ተሸጠች። ኋላ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆሙትም የወደብ ኪራያቸው ባለመከፈሉ በ1989 ዓ.ም. ለጨረታ ቀረቡ።

ከዚያ ሁሉ አንዲት ተረፈች። ጂቢ 21 የተባለች፣ 12 ሜትር ገደማ የምትረዝም ቃኚ ጀልባ ወደ መሐል አገር ተጭና መጥታ ጣና ላይ ወረደች። ባሕር ኃይሉ ፈርሶ ስለነበር የምድር ጦር ሰዎች ያዟት። እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብቸኛ ወታደራዊ ጀልባ እየተባለች ትጠቀስ ነበር። ቴዎድሮስ በደንገል የሞከሩትን ሥራ ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ የሠራችው እርሷ ናት፤ ያውም ሁለት ሞት ካየ ባሕር ኃይል የተረፈች ትንሽ ጀልባ።

ባሕር ኃይሉ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ እንደገና እየተቋቋመ ነው፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ወሬው ሁሉ ስለ ቀይ ባሕር ነው፤ አይፈረድም። እኔ ግን ከምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ከአብደራፊ ሆኜ ሳየው ውኃ ጥበቃ ከቤት ነው የሚጀምረው እላለሁ። እዚህ የአንገረብን ወንዝ በበጋ በእግር ይሻገሩታል፤ ክረምት ሲገባ መንገድ ይቆርጣል። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1853 ዓ.ም. የእኛ ጓንግ የሚፈስበትን የአትባራን ደረቅ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማ፤ ሰዎቹ «ወንዙ መጣ» እያሉ ተሯሯጡ፤ ሲነጋ አሸዋው 500 ያርድ ገደማ የሚሰፋ ወንዝ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ ውኃ ላይ የሚቆም ቃኚ ጀልባ የለም። ስለዚህ የእኛ ጠረፍ ጠባቂ እግረኛ ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውም ወጣት ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው የሚመጣው። ሐይቆቹ ግን ሌላ ናቸው። ጣና ላይ ሕገ ወጥ አጥማጅና እምቦጭ አለ። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ንጋት የተባለ ሐይቅ ወልዷል፤ እርሱም ጠባቂ ይሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ዘጌና ባሕር ዳር ዙሪያ ታንኳ የሚሠሩ የወይጦ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች አሉት። ብላንክ የገለጻትን ጀልባ በእነርሱ እጅ አሠርቶ፣ መንኮራኩሯን ገጥሞ፣ ስንት ሰው እንደምትሸከምና በስንት ቀን እንደምትከብድ ጣና ላይ መሞከር ይቻላል። ቢደረግ ክርክሩን ከእስረኛ ማስታወሻ አውጥቶ ወደ ሐይቁ ይመልሰው ነበር።