ንብረቱ የማን ነው? ከሃይፋ ወደብ እስከ ለንደን ችሎት

በዘንድሮው የታሪክ ዓምዳችን የመረጥነው ጉዳይ ከከተማችን ወደብ ይነሳና ለንደን ፍርድ ቤት ይደርሳል። ነገሩ የንብረትና የውርስ ክርክር ነው። ከሳሹ ግን ተራ ሰው አልነበሩም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የተከሰሰው የእንግሊዝ ቴሌግራፍ ኩባንያ ሲሆን ከኩባንያው ጀርባ የጣሊያን መንግሥት ቆሞ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንሆይ በሃይፋ

ጦሩ ማይጨው ላይ ከተሸነፈ በኋላ፣ ጃንሆይ በሜይ 2 ቀን 1936 ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ከዚያም ኢንተርፕራይዝ በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሜይ 8 ቀን ሃይፋ ገቡ። የዛሬው ወደባችን ያኔ አዲስ ነበር፤ ከተመረቀ ገና 3 ዓመት አልሞላውም። ቤተሰባቸውና መኳንንቱ አብረዋቸው ነበሩ። የማሪያ ቴሬዛ ብር የያዙ ሣጥኖችም ከመርከቡ ወርደዋል። በዚያው ቀን በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። የከተማችን ዋና የባቡር ጣቢያ በዚያ ዘመን ምሥራቅ ሃይፋ ነበር፤ ዛሬ የባቡር ሙዚየም ሆኗል፤ ያላያችሁት ሂዱና እዩት።

ጃንሆይ ሃይፋ በገቡ ማግስት፣ ሜይ 9 ማታ፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ቆሞ የጣሊያኑ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ሆነዋል ብሎ አወጀ። እንግዲህ አንድ አገር፣ ሁለት ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ጃንሆይ ሜይ 23 ከዚሁ ከሃይፋ ወጥተው ወደ እንግሊዝ አገር ሲያመሩ፣ የኢትዮጵያ ንብረት የማን ነው የሚለው ጥያቄም አብሯቸው ተሳፈረ።

የእንግሊዝ ሕግ ለሃይፋም እንግዳ አልነበረም። እንግሊዞች በ1922 ባወጡት ድንጋጌ የኦቶማን ሕግ ይቀጥላል፣ እሱ ያልሸፈነውን ግን የእንግሊዝ ሕግ ይሞላዋል ተብሎ ነበር። እስራኤል ይህን ገመድ በሕግ የቆረጠችው በ1980 ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ሕግ ለሃምሳ ስምንት ዓመት ያህል እዚሁ እኛ ሰፈርም ሲጠቀስ የኖረ ነው።

የቴሌግራፉ ዕዳ

ከጦርነቱ በፊት የኢትዮጵያ የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስቴር ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ውል ነበረው። በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ለሚተላለፈው ቴሌግራም ኩባንያው ለኢትዮጵያ የሚከፍለው ሒሳብ ነበር። የቀረው ዕዳ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ደረሰ። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ተቀምጠው በገንዘብ ለተቸገሩት ለጃንሆይ ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ነበር። በጃንዋሪ 4 ቀን 1937 ክስ መሠረቱ።

ኩባንያው «ዕዳ የለብኝም» አላለም። መልሱ «የጣሊያን መንግሥትም የኔ ነው እያለ ነውና ለማን ልክፈል?» የሚል ነበር። ዳኛው ጉዳዩን በመጀመሪያ አግደውት ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ግን ክርክሩ ይቀጥል አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እንግሊዝ በዲሴምበር 1936 ለጣሊያን ግማሽ ዕውቅና ሰጥታ ነበር። «አገሩን በተግባር የምትገዛው ጣሊያን ናት፤ በሕግ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ናቸው» እንደማለት ነው። ዳኛ ቤኔት በጁላይ 1938 ፍርድ ሲሰጡ በዚህ ልዩነት ላይ ቆሙ። አገሩን በጉልበት የያዘ ኃይል በያዘው መሬት ላይ ሊያዝ ይችል ይሆናል፤ እንግሊዝ አገር ያለ ዕዳ ግን የሕጋዊው ባለቤት ነው አሉ። ጃንሆይ ረቱ።

ወራሽ የተሾመበት ሕያው

ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይሰማ ግን ፖለቲካው ተቀየረ። እንግሊዝ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ብላ በአፕሪል 1938 ከሮም ጋር የተዋዋለችው ስምምነት ኖቬምበር 16 ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ የጣሊያኑን ንጉሥም በሕግ ጭምር የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ ተቀበለች። ኖቬምበር 30 ቀን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ማረጋገጫ ችሎት ቀረበ።

ዲሴምበር 6 ቀን 1938 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው። ምክንያቱ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ዕዳው የጃንሆይ የግል ገንዘብ ሳይሆን የመንግሥት ንብረት ነው። የመንግሥት ንብረት ለተተኪው ይተላለፋል። ተተኪው ደግሞ የጣሊያኑ ንጉሥ ነው፤ መብቱም ወደ ኋላ ተመልሶ ከዲሴምበር 1936 ጀምሮ ይቆጠራል። ያ ቀን ክሱ ከተከፈተበት ቀን ይቀድማልና ጃንሆይ ሲጀመርም የመክሰስ መብት አልነበራቸውም ተባለ።

እስቲ አስቡት! ሰውየው በሕይወት አሉ፣ ባዝ ከተማ ይጾማሉ፣ ይጸልያሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ውርሳቸው ግን ለሌላ ተሰጠ። በጁላይና በዲሴምበር መካከል ውሉ አልተለወጠም፣ ምስክር አልተለወጠም፣ ዕዳውም ያው ነው። የተለወጠው ከአንድ ቢሮ የወጣው ወረቀት ብቻ ነው። ዳኞቹም ቢሆኑ፣ አገር የማን ነው የሚለውን መንግሥታቸው ከነገራቸው በኋላ እኛ ሌላ እንላለን ለማለት ሕጋቸው አይፈቅድላቸውም።

ወረቀቱ ግን ዕድሜ አላገኘም። ጣሊያን በጁን 10 ቀን 1940 በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። ጃንሆይ በዚያው ወር ወደ ሱዳን መንገድ ጀመሩ፤ በሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ። በ1947 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ነፃነት አረጋገጠች፤ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ የሃይማኖት ዕቃዎችና መዛግብት በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስም ግዴታ ገባች። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የተመለሰው ግን በ2005 ነው። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ዕቃ ያገኘ ሰውስ?

ስለ ንብረት ካነሳን አይቀር፣ እንግሊዞች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት የ1722 ፍርድ አለ። አንድ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ያገኘውን የከበረ ድንጋይ ለማስገመት ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰደ፤ ድንጋዩን ቀሙት። ፍርድ ቤቱ ለልጁ ፈረደ። ያገኘ ሰው ከእውነተኛው ባለቤት በስተቀር በማንም ላይ መብት አለው ተባለ። «ከእውነተኛው ባለቤት በስተቀር» የምትለዋን ያዙልን።

በ2001 ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈ ታቦት ተገኘ። ያገኙት ቄስ «ያገኘነው እኛ ነን» አላሉም፤ በዓመቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በአንጻሩ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦቶች፣ ሙዚየሙ ንብረቱን እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1963 ሕግ እየተጠቀሰ፣ እዚያው አሉ። የኛ አገር የ1973 ሕግም ዕቃ ያገኘ ሰው ባለቤቱን እንዲፈልግ ወይም ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ዕቃው ላገኘው ሰው የሚሆነው ባለቤቱ በ4 ወር ውስጥ ካልተገኘ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ይህ ሁሉ የነገሥታት ወሬ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። አብዛኞቹ አያቶቻችን ጎንደር ሲኖሩ የሰው መሬት አራሽ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ እንጂ ርስት አልነበራቸውም። መሬቱን የሚያውቁት እነሱ፣ በስማቸው የማይጠራው ግን መሬቱ ነበር። ወደ እስራኤል ስንመጣም ነገሩ ከዕውቅና ጋር የተያያዘ ነበር። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕግ እንደሚመለከተን ተቀበለ። ሰዎቹ ከዚያ በፊትም ያው ሰዎች ነበሩ። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ታዲያ ወረቀት ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ ወረቀታችንን እንያዝ። አያትና ቅድመ አያት በሕይወት ሳሉ የመንደሩን ስም፣ የዘመድ ሐረጉን፣ የመንገዱን ታሪክ እንጻፍ፣ ድምፃቸውን እንቅዳ። የድሮ ፎቶግራፍ፣ የሱዳን መታወቂያ፣ የአዲስ አበባ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ካለ ቀኑንና የባለቤቱን ስም ከጀርባው እንጻፍበት። የቤት ውርስ ጉዳይም ካለ ወንድምና እህት ሳይኳረፉ፣ ሽማግሌም የሕግ ባለሙያም ባለበት፣ በጊዜው በጽሑፍ ይለቅ።

አባቶቻችን «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላሉ። ጃንሆይ በ1938 ተረቱ፤ ቢሆንም «የኔ ነው» ማለታቸው በፍርድ ቤቱ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ያነቡታል።