የሠውር ዋሻና በቤት የቀሩት



ስለ ሂጅራ ሲወራ አብዛኞቻችን ቀድመን የምናስታውሰው ሸረሪቷንና ርግቦቹን ነው። ልጆችም በመድረሳ ይህንኑ ደጋግመን እንድንነግራቸው ይወዳሉ። ቁርኣን ግን በሱረቱ ተውባ 40ኛው አንቀጽ ዋሻውን ሲያወሳ ሸረሪትም ርግብም አያነሳም። የሚያነሳው ያዘነን ጓደኛ፣ ያጽናኑትን ነብይ፣ ከአላህ የወረደን እርጋታና ዓይን ያላየውን ሠራዊት ነው።

ጊዜው 622 እ.ኤ.አ. ነው። ቁረይሾች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመግደል መክረዋል። መዲና ከመካ በስተሰሜን ሆና ሳለ፣ ነብዩና አቡበክር (ረ.ዐ) በስተደቡብ ወደሚገኘው የሠውር ተራራ አቀኑ። በዋሻው ሦስት ሌሊት ቆዩ። ቁረይሾችም ለያዛቸው 100 ግመል እንሰጣለን ብለው አስነገሩ። ፈላጊዎቹ ከዋሻው አፍ ሲደርሱ አቡበክር፣ አንዳቸው ወደ እግሩ ሥር ቢመለከት እንደሚያየን ታውቃላችሁ በሚል ስጋት ለነብዩ ተናገሩ። ነብዩም ሦስተኛቸው አላህ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ምን ታስባለህ ሲሉ መለሱላቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሰጉት ከሰሃቦች ሁሉ በላጩ ናቸው። ኢማንህ ደክሟል ተብለው አልተገሠጹም። ሌሊት የፈራን ልጅ «ሙስሊም አይፈራም» ብለን የምንቆጣ ወላጆችና ኡስታዞች ይህን ብናስብ ይበጀናል፤ እኔም ብያለሁና። ደግሞም አላህ አብሯቸው መሆኑ ጠላትን ከዋሻው አፍ እንዳይደርስ አላደረገውም። ደርሷል፤ ግን አላያቸውም።

ተወኩላቸውም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። የአቡበክር ልጅ ዐብደላህ ቀን በመካ የሰማውን ወሬ ማታ ማታ ያደርስላቸዋል፤ ጎህ ሳይቀድ ከተማ ይገባል። ዐሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን እየነዳ ወተት ያቀርባል። መንገድ እንዲመራ በክፍያ የተያዘው ሰው ሙስሊም እንኳ አልነበረም።

ስለ ዋሻው ብዙ ይነገራል፤ በቤት ስለቀሩት ግን ጥቂት ነው። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ስንቁን የሚያስሩበት ቢያጡ መቀነታቸውን ለሁለት ቀደዱ። አቡ ጀህል ከደጃፍ መጥቶ አባትሽ የት ነው አላቸው። አላውቅም ቢሉት ጉትቻቸው እስኪወድቅ ድረስ ፊታቸውን በጥፊ መታቸው። ዋሻ የላቸው፣ ነብዩም አጠገባቸው የሉ፤ ምስጢሩን ግን አላወጡም።

ኢብኑ ኢስሐቅ እንደዘገቡት አቡበክር ገንዘባቸውን ሁሉ፣ 5 ወይም 6 ሺህ ድርሃም ያህል፣ ይዘው ነበር የወጡት። ዓይነ ስውሩ አባታቸው አቡ ቁሃፋ፣ ያኔ ገና አልሰለሙም፣ ልጄ ባዶ ቤት ጥሏችሁ ሄደ ብለው ተጨነቁ። አስማእ ገንዘቡ ይቀመጥበት በነበረው የግድግዳ መስኮት ጠጠር ሞልተው በጨርቅ ሸፈኑትና የአያታቸውን እጅ ይዘው አስዳሰሷቸው። ሽማግሌውም ይህን ከተወላችሁ ደህና ነው ብለው ተረጋጉ። በቤቱ አንድም ድርሃም አልነበረም። እርሳቸው ግን የራሳቸውን ስጋት ውጠው የሽማግሌውን ልብ አሳረፉ።

አንቀጹ የወረደው ከዚህ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በተቡክ ዘመቻ ጊዜ ነው። ሙቀቱ የበረታ፣ መንገዱ ሩቅ፣ ጠላቱም ሩም ነበርና መውጣቱ ለብዙዎች ከብዷቸው ነበር። አላህም ሁለት ብቻ የነበሩባቸውን ሌሊቶች አስታወሳቸው።

አስማእም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፍሰ ጡር ሆነው ከመካ ወጡ። ቁባእ ሲደርሱ ዐብደላህ ኢብኑ ዙበይርን ወለዱ፤ ሙሃጂሮች በመዲና የወለዱት የመጀመሪያው ልጅ እርሱ ነው።