በድምፅ የምትሠራው መንኮራኩር፦ የጠፈር ጉዞ በሬዲዮ ድራማ

የሳይንስ ልብ ወለድ የሬዲዮ ድራማ ገና ያልተደረሰበትን ዘመን በንግግር፣ በሙዚቃና በድምፅ ማጀቢያ የሚተርክ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነው። ከዘርፉ የታወቁ ታሪኮች አንዱ መንገደኞችን አሳፍራ በጉዞ ላይ ሳለች አደጋ የሚገጥማት የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ነው።

ፊልም ይህን ለማሳየት ከፍተኛ ወጪ ይጠይቃል፤ ሬዲዮ ግን መንኮራኩሯን በአድማጩ ምናብ ውስጥ ይሠራታል። ጠፈር አየር አልባ በመሆኑ ድምፅ አያስተላልፍም። ስለዚህ የሚደመጠው የውስጡ ድምፅ ነው፦ የአየር ማናፈሻው፣ የብረት በሩ፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉ። ማናፈሻው በድንገት ጸጥ ሲል አድማጩ አደጋ መድረሱን ተራኪ ሳይነግረው ይረዳል። ከዚያ በኋላ የቀረውን አየርና ውኃ ማን ያከፋፍል፣ ማንስ ይቅደም የሚለው ጥያቄ የታሪኩ ዋና ጉዳይ ይሆናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ቢቢሲ የቻርልስ ቺልተንን «ጉዞ ወደ ጠፈር» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ማሰራጨት ጀመረ፤ ድራማው በምሽት ከቴሌቪዥን የበለጠ ታዳሚ እስከማግኘት ደርሷል። ስዊድናዊው ባለቅኔ ሃሪ ማርቲንሰን በ1956 ያሳተመው «አኒያራ» 8 ሺህ ስደተኞችን ወደ ማርስ ስትወስድ መንገድ የሳተች መንኮራኩርን ይተርካል። ሥራው በ1959 ኦፔራ ሆኖ ሲቀርብ የመንኮራኩሯ ማሽን ድምፅ በቴፕ የተቀዳ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነበር።

አደጋው በልብ ወለድ ብቻ የሚቀር አይደለም። በ1970 የአፖሎ 13 የኦክስጅን ታንክ በመፈንዳቱ ሦስቱ ጠፈርተኞች ወደ ጠባብ ክፍል ተሸጋገሩ። በዚያም ከትንፋሻቸው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ሕይወታቸውን አሰጋ። ከምድር በሬዲዮ በተነገራቸው መመሪያ መሠረት፣ በእጃቸው የነበሩትን የአየር ማጣሪያዎች በፕላስቲክ፣ በካርቶንና በፕላስተር ገጣጥመው ተረፉ።

በኢትዮጵያ ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ በይበልጥ የሚታወቀው በቤተሰብና በጤና ጉዳዮች ነው። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት። ይህም የአገሪቱ አድማጭ አንድን ታሪክ ለዓመታት በትዕግሥት እንደሚከታተል አሳይቷል።

የጠፈር ሳይንስም ለመናገሻ አካባቢ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ሱሉልታን ከአዲስ አበባ በሚለየው የእንጦጦ ተራራ ላይ የኅዋ ምርምር ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ስለ ግብርና፣ ስለ ደንና ስለ አየር ንብረት መረጃ እንድትልክ የታቀደው ወደዚሁ ተራራ ነበር።