ሃይማኖተኛነትና የሃይማኖት መንግሥት፤ ሕጉና ታሪኩ ምን ይላሉ?

አምስት ወቅት ሶላቱን የማያጓድል፣ ረመዳንን የሚጾም ሰው ሁሉ ሀገሩ በእስላማዊ መንግሥት እንድትመራ ይሻልን? አልዱባ ገበያም ሆነ ጂንካ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች ጎን ለጎን በሚገበያዩበት አካባቢ ጥያቄው የጉርብትና ጉዳይ ነው።

ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ ሸሪዓ የሀገር ሕግ እንዲሆን የደገፉ ሙስሊሞች በአፍጋኒስታን 99፣ በኢትዮጵያ 65፣ በአዘርባጃን 8 በመቶ ነበሩ። በብዙ ሀገሮች አዘውትረው የሚሰግዱት ይበልጥ ይደግፋሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል። ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ሸሪዓ ለሙስሊሞች ብቻ እንዲሠራ የሚሹ ሲሆኑ፣ ከወንጀል ቅጣት ይልቅ ለቤተሰብና ለንብረት ክርክር መዋሉን ይመርጣሉ።

ይህ ደግሞ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ በተከራካሪዎች ፈቃድ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። የበናና የሐመር ሽማግሌዎች ዳኝነትም የሚጠለለው በዚሁ ንዑስ አንቀጽ ሥር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ታሪኩም ቢሆን ግምቱን አይደግፍም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞች የጠየቁት እኩልነትንና የመንግሥትና የሃይማኖትን መለያየት ነው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። በ2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው ተቃውሞ ደግሞ መንግሥት በመጅሊስ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ አንቀጽ 11ን ጠቅሶ ተከራከረ። መንግሥት በበኩሉ እስላማዊ መንግሥት ለማቋቋም ማሴር ነው በማለት ከሰሳቸው፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈትተዋል። ያን ጊዜ ሃይማኖተኞቹ የመንግሥትን ከእምነት መራቅ ሲጠይቁ፣ የተጠረጠሩት በተቃራኒው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ በሥልጣኑ ሥር ናቸው፤ ወንጀል የለበትም። ተከራካሪው ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሆኖም መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደተስማማ ስለሚቆጠር፣ የማይፈልግ ሰው ቀርቦ አለመስማማቱን መናገር ይኖርበታል።