ብሪጁ ላይ ከመፍረዳችን በፊት

ባለፈው በዓል ጎረቤላ ሄጄ ሳለ የእህቴ ልጅ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቅኝት አልይዝ አለ። ብሪጁ ይቀየር ተብሏል፤ ግዛልኝ» አለኝ። እኔ የሕግ ሰው ነኝና ከፍርዱ በፊት ማስረጃ ይቅደም አልኩ።

ጥፋተኛ የተባለው አሜሪካዊው ፍሎይድ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት ተቆላፊ ትሬሞሎ ነው። ክሮቹ በሁለቱም ጫፍ ይቆለፋሉ። ብሪጁ በሁለት ብሎኖች ላይ ተደግፎ ይንሳፈፋል፤ ከፊት ስድስት ክሮች፣ ከኋላ ሞላዎች ይጎትቱታል። ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጉተታው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ክር ቢበጠስ የሌሎቹ ድምፅ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ ጠባዩ እንጂ ብልሽቱ አይደለም።

የእኛው ብሪጅ ወደ ፊት ተደፍቷል። ምክንያቱ? ልጁ ከቀድሞዎቹ የወፈሩ ክሮች ገጥሞበታል። የላይኛውን መቆለፊያ ፈታን፤ ከጀርባ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ጥቂት በጥቂት አጠበቅን፤ ደጋግመን ቃኘን፤ መልሰን ቆለፍን። ተስተካከለ።

ብሪጁ መቀየር ያለበት በብሎኖቹ ላይ የሚያርፈው ስለታም ጠርዙ ሲዶለድም ነው። ያኔም በብሎኖቹ መካከል ያለውን ርቀትና ከሥሩ የተንጠለጠለውን ብረት ቁመት ሳይለኩ አይግዙ። ብሎኖቹ እንጨቱ ውስጥ ከተነቃነቁ ግን አዲስ ብሪጅም አያድንም፤ መጠገን ያለበት እንጨቱ ነው።

ማምሻውን ልጁ በባቲ ቅኝት ተጫወተልን። ገንዘቤም ከኪሴ አልወጣ።